አበባ ያልደፉ ላሞች

ኦክላንድ፣ ታኅሣሥ 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? የሆቴሉ አንሶላ ማጠብ አሁንም እጅሽን ይልጠዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አባዬም ከሥራው ጋር ደህና ነው።

ሌላ ጊዜ ሰላምታዬን የምጽፈው ለሁለታችሁ ነበር። ዛሬ ያንቺን ጤና ብቻ ነው የጠየቅሁት። ረስቼ አይደለም። እማዬ እንደሌለች አውቄአለሁ። አትደንግጪ፣ ማንም ምስጢርሽን አላወጣብሽም። አፉን ከፍቶ የነገረኝ ሰው የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ከምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆኜ ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ስለሚጮኹ የሚገባው ሰው ወሬ አይጀምረኝም። አባዬ ፎቅ ላይ፣ ቤት ነው ያለው። እሱ ባለበት ክፍል ይህን መጻፍ አልቻልኩም።

የላክሽው ፎቶ በጥቅምት ደረሰን። ፖስታውን አባዬ ከፍቶት ነበር። የሚሠራበትን የፓርኪንግ ዩኒፎርም እንኳ ሳያወልቅ፣ ላሞቻችሁ በሰላም ወርደዋል ብሎ ሰጠኝ። ጀርባው ላይ አንቺ፣ ላሞቹ ከተራራው፣ ከአልፑ ሲወርዱ፣ ፎቶውን ያነሳችው እናትሽ ስለሆነች ነው የሌለችበት ብለሽ ጽፈሻል። ገልብጬ አየሁት። እማዬ ከላሞቹ ጋር አብራው የምትሠራው አሎይስ በትሩን ይዞ ቆሟል። አይብ የሚሠራው ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ከሁሉ ፊት መሪዋ ላም፣ እማዬ እቴጌ ያለቻት አለች። ራሷ ላይ ምንም የለም።

አክስቴ፣ አንቺ ላሞቹ ሲወርዱ አይተሽ አታውቂም። ያን ቀን ሁልጊዜ ታች ከተማ ሥራ ላይ ነበርሽ። ማታ ስትመለሺ የምታገኚው መንገዱ ላይ የቀረውን እበት ብቻ ነው፤ ጫማሽን ደጅ ላይ እየጠረግሽ፣ በዓላቸው ይኸው ነው እንዴ እያልሽ ታስቂን ነበር። ስለዚህ አላወቅሽም። ደህና መሆናችሁን እንዳምን ብለሽ ከፎቶዎቹ ሁሉ ሰላም የሚመስለውን መርጠሽ እንደላክሽልኝ ይገባኛል።

እኔና እማዬ ግን በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ግንብ ላይ ተቀምጠን እናያቸው ነበር። ላሞቹ የነሱን በጋ እላይ አልፕ በሚሉት ከፍተኛ ግጦሽ ላይ ከርመው በመስከረም ሲመለሱ ራሳቸው ላይ የጥድ ቅርንጫፍና አበባ ይደፋላቸዋል። የመሪዋ ዘውድ ከሁሉም ይበልጣል። ትልልቅ ደወል ስለሚያስሩላቸው ገና ጫካው ውስጥ ሳሉ ነው የሚሰሙት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግን ምንም ሳንሰማ ድንገት መታጠፊያው ላይ ብቅ አሉ። አበባ የላቸውም። የደወሎቹ አፍ በድርቆሽ ተጠቅጥቋል። ሴቶቹ ሁሉ አማተቡ። እማዬ ጎረቤታችንን በምልክት ስትጠይቃት፣ የአሎይስ አባት እላይ ጎጆው ውስጥ መሞቱን ነገረችን። አልፑ ላይ ላም የሞተች እንደሆነ መሪዋ ብቻ አበባዋን ትተዋለች። ሰው ከሞተ ግን ሁሉም ራሳቸውን ባዶ አድርገው፣ ደወላቸው ዝም ብሎ ይወርዳሉ። እማዬ ያን ቀን፣ አየሽልኝ፣ እዚህ አገር ከብቱም ለቅሶ ይደርሳል አለችኝ።

ፎቶው ላይ ከእቴጌ ደወል አፍ ድርቆሹ ወጥቶ ይታያል። ከኋላዋ ያሉትም ባዶ ራሳቸውን ናቸው። ዘንድሮ እላይ ጎጆው የወጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ አሎይስ፣ አይብ ሠሪውና እማዬ። ሁለቱ ፎቶው ላይ አሉ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ምንም አላደረግሁም። አባዬ ከትከሻዬ በላይ አብሮኝ ሲያይ ቆየና፣ ምነው ዘንድሮ አበባ አላደረጉላቸውም፣ የአምናው ፎቶ ላይ ሙሽራ መስለው አልነበር እንዴ አለኝ። በረዶው ቀድሞ ጥሎ አበባውን አርግፎባቸው ነው አልኩት። እንዲህ ቶሎ መዋሸት የምችል አይመስለኝም ነበር። እሱም፣ እኔ አባትሽ ላም የማውቀው ሥጋ ቤት ተሰቅላ ነው፣ ምን አውቄ ብሎ ወደ ኩሽና ገባ። ፎቶውን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ባልለጥፈው ለምን ይለኛል ብዬ ነው። ከዚያ ሩዝ ቀቀልኩ።

እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ሰው ሳይነግርሽ እንዴት ይለቀሳል? እማዬ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ መጥቶ፣ ሰው ከቦሽ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ አጠገብሽ ቆሞ ነው ትል ነበር። ለእኔ የነገሩኝ ላሞች ናቸው። ክረምት ላይ በረዶው ውስጥ ስንጫወት እጃችን ሲደነዝዝ የሚሆነው ትዝ ይለኛል። ቀልቶ ይታያል እንጂ የራስሽ እጅ አይመስልም። የሚያመው ቤት ገብተሽ ምድጃው ጋ ስትቀርቢ ነው። እኔ ገና ምድጃው ጋ አልደረስኩም።

ያስጨነቀኝ አባዬ ነበር። እሱ አያውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ለእሷ ብሎ አልጋ ገዝቷል፣ ላስቲኩን እንኳ አልላጠውም፣ እሷ ስትመጣ ትላጠው ብሎ። የጋብቻ ወረቀታቸው ከአገር ቤት መጥቶ ጉዳይዋ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። በሚያዝያ ስመጣ እኔና እሱ እንደ እንግዳ ነበርን፤ ሲለየን አራት ዓመቴ ነበርና ፊቱን የማውቀው ከፎቶ ነው። የምናወራው ሲጠፋን ስለ መንደሩ ይጠይቀኛል። እኔም ሰው ፊት ብዙ መናገር ባልወድም ስለ መንደሩ ሲሆን እናገራለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እንደምትቀር፣ መንደሩን እንደማትነካ ነገርኩት። እማዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይም የመግቢያ ፈቃድ እስኪመጣላት ትጠብቃለች ማለት ነው እንዳለች ስነግረው ከወንበሩ ላይ እስኪንሸራተት ሳቀ። ያው እሷው ናት፣ ምንም አልተለወጠችም አለ። አሎይስና እማዬ ቋንቋ ሳይግባቡ አብረው እንደሚሠሩም ነገርኩት። እሷ ላሞቹን በአማርኛ ስታናግራቸው አሎይስም ተምሮ ነይ፣ ነይ፣ እቴጌ እያለ መጣራት ጀመረ። ጎረቤቶቹ ሲስቁበት፣ ምን ላድርግ፣ በኛ ቋንቋ ስጠራት መስማት ተወች ብሎ የመለሰላቸውን እንኳ አልረሳሁም። አባዬ ይህን ሥራ ቦታው ላይ ለሰው ሁሉ አውርቷል። አፕታውን በሚሉት ሰፈር ያለው ፓርኪንግ ውስጥ መኪና የሚያቆሙ ሰዎች ስለ እቴጌ ያውቃሉ።

ታዲያ ይህን ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ልጅ ለአባቷ መርዶ አትነግርም። አንቺ ለአባዬ ወዳጅ ለጋሽ ጥሩነህ ደውለሽ፣ እሳቸው ሽማግሌ ይዘው መጥተው በወጉ እንዲነግሩት ልጽፍልሽ ብዬ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በዚህ መሃል አባዬ መላጨት ተወ። ሥራ በዛብኝ ይለኛል። ወደ እናንተ የሚደውልበትን ኮሊንግ ካርድ መግዛቱን ተወ። በፊት እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ለእናትሽ ጻፊ፣ አንቺ ልጅ ወረቀት ያልቅብኛል ብለሽ ነው ወይ እያለ አያስቀምጠኝም ነበር። ያንንም ተወ። እኔ ለእሷ መጻፍ ስላልቻልኩ አለመጠየቁ ደስ አለኝ። ለምን እንደተወው አላሰብኩም።

ታንክስጊቪንግ በሚሉት በዓል ቀን ሳን ሆዜ ጋሽ ጥሩነህ ቤት ተጠርተን ሄድን። ስለ እሳቸው ጽፌልሻለሁ፤ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። የአባዬን ወረቀት የጨረሱለትም እሳቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ከበር ስገባ ሰው ሁሉ የአልፕ እረኛዋ መጣች እያለ ይቀልድብኝ ነበር፣ እኔም አፍሬ ኩሽና እገባ ነበር። ያን ቀን የቀለደ ሰው የለም። ሴቶቹ ሲስሙኝ ቶሎ አይለቁኝም። ባለቤታቸው እትዬ የምሥራች ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ምነው ከሳሽ የኔ ልጅ፣ ብይ እንጂ፣ ለማን ብለሽ ነው የምትተዪው ይሉኝ ነበር። በበርበሬ የታሸ፣ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ሳህኔ ላይ ይጨምራሉ፣ ሄደው ደግሞ ተመልሰው ይጨምራሉ።

ከመብላታችን በፊት ጋሽ ጥሩነህ ተነሥተው መረቁ። እሳቸው ሲመርቁ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠሩ ነው። ለብሩክ ሥራ ስጠው አሉ። የእድላዊትን ወረቀት አስጨርስላት አሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ የሚሉት፣ ያቺን እናቷን በሰላም አምጣላት ነበር። ያን ቀን እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ፣ ለዚህች ልጅም ጽናቱን ስጣት አሉ።

ጽናቱን ይስጥሽ ለማን እንደሚባል እኔም አውቃለሁ። እትዬ የምሥራች ክርናቸውን ነካ አደረጓቸው። ጋሽ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ለትምህርቷ ማለቴ ነው፣ የዚህ አገር ሂሳብ ከባድ ነው አሉ። ሁሉም ቶሎ ብሎ አሜን አለ። አባዬን አየሁት። ሳህኑን እያየ ነበር። ጢሙ ከጆሮው እስከ አንገቱ አድጓል። አሜን ያላለው እሱ ብቻ ነው።

ጢሙ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የሐዘን ነው። ለእናትሽ ጻፊ የማይለኝም ለዚያ ነው። አንቺ ነግረሽዋል፣ ምናልባት ገና ላሞቹ ሳይወርዱ። ሁሉም ያውቃሉ፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት ብለው ትምህርት እስኪዘጋ እየጠበቁኝ ነው። አባዬ ያን ፎቶ የሰጠኝ ሁሉ ነገር ደህና እንዲመስለኝ ነው። የላሞቹን ነገር ስለማያውቅ ነው አበባቸው የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ። እኔ ደግሞ እሱን ላድን ብዬ በረዶ ጣለ አልኩት።

ከምግብ በኋላ ልጃቸው ሶልያና ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ። እኩያዬ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ፣ ዩ ሊቭድ ዊዝ ካውስ፣ ኦ ማይ ጋድ ብላ ቀኑን ሙሉ ስትስቅብኝ ነበር የዋለችው። አሁን በሩን እንደዘጋች አቀፈችኝና፣ አይ አም ሶ ሶሪ አለችኝ። ወዲያው አፏን ያዘች። ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ፣ ስለ ተርኪው ማለቴ ነው፣ ኢት ወዝ ሶ ድራይ አለች። ኢት ወዝ ኦኬ አልኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥን አየን። ምን እንዳየን አላስታውስም። እጇ እጄ ላይ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ስንመለስ አባዬ ሬዲዮ አልከፈተም። ሳን ሊያንድሮ አጠገብ ስንደርስ ትምህርት መቼ ነው የሚዘጋው አለኝ። ነገርኩት። እሺ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት እነ ጋሽ ጥሩነህ እኛ ጋ ቁርስ ይመጣሉ፣ በጊዜ ተነሺ አለኝ። ለቁርስ ከሳን ሆዜ በማለዳ የሚመጣ ሰው የለም። እሺ አልኩት።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ያ ቅዳሜ አልፏል። ከዚያ በኋላ ሰው ስለሚበዛ መጠየቅ አልችልም ብዬ ነው አሁን የምጠይቅሽ። ታማ ነው ወይስ ወድቃ? በነሐሴ በላከችልኝ ወረቀት፣ ገደሉ ላይ ሣር ስናጭድ እንዳንንሸራተት ጥርስ ያለው ብረት ጫማችን ሥር ያስሩልናል፣ እናትሽ በዚህ ዕድሜዋ ፍየል ሆናልሻለች ብላ ነበር። እዚያ ከሆነ እዚያ ነው በዪኝ። ደብቀሽ ሌላ ቦታ ብትነግሪኝ ሁለቱንም ቦታ ሳስብ እኖራለሁ። የት ነው ያሳረፋችኋት? ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ከሆነ ከየትኛው ጎን? ጸሎቱን ማን አደረሰላት፣ የነሱ ቄስ ነው?

ደግሞ አንቺን፣ አክስቴ፣ ማን ለቅሶ ደረሰሽ? ከሁሉም ይበልጥ የማስበው ይህን ነው። እኔ ቅዳሜ ቤት ሙሉ ሰው ይከበኛል። አባዬን ሲያስተዛዝኑት ከርመዋል። አንቺ ግን ከቀብር ተመልሰሽ የገባሽው ባዶ ቤት ነው። አብሮሽ በአማርኛ ያለቀሰ ሰው የለም። በማግስቱ አንሶላ ልታጥቢ ሄድሽ? በየወሩ ለእኔ፣ እናትሽ ሰላም ትልሻለች እያልሽ ስትጽፊ ብቻሽን ነበርሽ። አልተቀየምኩሽም። ያንን ሰላምታ መጻፍ እኔ ከተሸከምኩት የከበደ ይመስለኛል።

ለአባዬ ቀድሜ ማወቄን አትንገሪው። ይህን ያህል ጊዜ የደበቀልኝ ነገር ከንቱ ነበር እንዲል አልፈልግም። ቅዳሜ ሲነግሩኝ አሁን እንደሰማሁ እሆናለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ላላለቅስ እችላለሁ። ትናንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቧንቧውን ከፍቼ፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ ሞከርኩት። እማዬ ብዬ ጮክ አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፣ ዓይኔም ደረቅ ነው። እትዬ የምሥራች ከዚያ ሁሉ ሴት ጋር ዙሪያዬን ተቀምጠው እኔ እንዲሁ ሳያቸው ብቀመጥ ምን ይላሉ? እናቷን አልወደደቻትም ይሉ ይሆናል።

ማሽኑ ቆሟል፣ የአባዬን ዩኒፎርም ላውጣ። ቀሪውን ነገ እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ትምህርት ተዘጋ። ላይ የጻፍኩትን አልሰረዝኩትም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ሥራ ሳለ ሳሎኑን ጠረግሁ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ጠረጴዛውን ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት። ሶፋው መሃል ላይ ስለሆነ ያን ያህል ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ የለም፤ በጉልበቴ እየገፋሁ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት። ከባድ ስለሆነ አንደኛው ጫፍ ሳይደርስ ቀረ። አባዬ ገባና በሩ ላይ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ባዶውን ምንጣፍ አየ። እኔን አየኝ። ምን እያደረግሽ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለምን ጠረግሽ፣ ለምን አወጣሽ አላለኝም። ኮቱን አወለቀ። ያልደረሰውን የሶፋ ጫፍ ያዘና ግድግዳው እስኪነካ ድረስ ገፋው። ከዚያ ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተቀመጥን፣ እሱ በዚያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው። ወንበር ያንሳል አለኝ። ታች ካሉት ሰዎች ልዋስ አልኩት። ቆይ፣ አብረን እናመጣለን አለኝ።

አክስቴ፣ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ከሥራ ወደ ቤትሽ የሚያደርስሽ ሰው ይዘዝልሽ። ጎረቤት አያሳጣሽ። እሷ ያልጨረሰችውን ዕድሜ አንቺ ላይ ይጨምርልኝ። ለአሎይስ፣ ከብቶቹን በወጉ ስላወረደልን እግዚአብሔር ይስጥህ ብላሃለች በዪልኝ።

ልጅሽ